የላጤ ቤት በደሴና በኮምቦልቻ፦ ብቻችሁን ስትኖሩ ቤታችሁ እንዲመቻችሁ

ቤተሰብ ባለበት ቤት ስንት ሥራ ሳይታወቅ እንደሚሠራ የሚገባችሁ ብቻችሁን መኖር ስትጀምሩ ነው። ዝናብ ሲመጣ ልብሱን ከገመድ ላይ የሚሰበስብ አለ። ውሃ ሲመጣ ጀሪካን የሚደቅን አለ። ሲያማችሁ አጥሚት የሚያሞቅ፣ ማታ ስትገቡ «ምነው አመሸህ?» «ምነው አመሸሽ?» የሚል አለ። ላጤ ቤት ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሁለተኛ ሰው የለም። ስለዚህ ቤታችሁን ስታደራጁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ዙሩ፦ እኔ በሌለሁበት፣ በደከመኝ ወይም ባመመኝ ሰዓት ይህን ማን ይሠራዋል? መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ቤቱ ራሱ እንዲሠራላችሁ አድርጋችሁ አሰናዱት። ሶፋና ቴሌቪዥን ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ይህን የምጽፈው ለሥራም ለትምህርትም ብላችሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤት ለምትከራዩ ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየራቸው ግን ለየቅል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትቀበላችኋለች። ደሴ የሚያስፈልጋችሁ ብርድ ልብስ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ አጎበር።

ቤቱን ከመከራየታችሁ በፊት

ደላላው ቢያጣድፋችሁም ሁለት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት፣ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት በኋላ። ደሴ ላይ የፀሐይ ነገር ቀልድ አይደለም። የጦሳ ተራራ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለቆመ ግርጌው ላይ ያሉ ሰፈሮች ፀሐይ ቶሎ ትጠልቅባቸዋለች። ብርዱ በሚከፋበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ፎቅ ካልጋረደው፣ ሲያስፈልጋችሁ ይሞቃል። ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል በኪራይ ቢረክስም በብርድ ልብስና በመብራት ወጪ ያስከፍላችኋል።

ስትገቡ መጀመሪያ አሽትቱ። የታፈነ የእርጥበት ሽታ ካለ ግድግዳው አዲስ ቀለም ቢቀባም ችግሩ ውስጡ ነው። የቁም ሳጥን ወይም አልጋ ከነበረበት ጥግ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። ቀዝቀዝ ብሎ ረጠብ የሚል ከሆነ ክረምት ላይ ሻጋታ ይወጣዋል። ቀና ብላችሁም ኮርኒሱን እዩ። ቡናማ ክብ ክብ ምልክት ካለበት ጣራው ያፈሳል ማለት ነው።

ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፣ መሬት መንሸራተት የሚያሰጋቸው ሰፈሮች አሏት። ግድግዳው ላይ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ካያችሁ፣ በሩ ወይም መስኮቱ አልገጥም ካለ፣ ከጓሮ ያለው የድጋፍ ግንብ ወደፊት ከገፋ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ከአከራይ ጋር ደግሞ እነዚህን በግልጽ ተነጋገሩ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሲመጣስ ቀን ነው ሌሊት? ቆጣሪው የጋራ ነው የብቻ? የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል? እንግዳ ቢያድርስ? የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ሰው አፍሮ ይተዋቸዋል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን እህቱ ወይም ጓደኛው መጥቶ ማደር መቻሉ የቤቱ ግማሽ ነው። ከገባችሁ በኋላ ከመኮራረፍ በፊቱኑ ማወቅ ይሻላል።

ደሴ፣ ብርዱና እርጥበቱ

የቆርቆሮ ቤት ሙቀቱን የሚያጣው በብዛት በጣራው ነው። ኮርኒስ ከሌለው ማሞቂያ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ችፑድ ኮርኒስ ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነም አቡጀዴ ወይም የታጠበ ማዳበሪያ ተወጥሮ ቢሰፋ ለውጡን የመጀመሪያው ሌሊት ታውቁታላችሁ። አከራዩ አላሠራም ካለ ወጪው ከኪራዩ እንዲቀነስላችሁ ተስማሙና እናንተ አሠሩ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ ቤቱ የነሱ ነውና።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኮርኒስ በሌለው ቤት ሌሊት ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ሁልጊዜ የዝናብ ውሃ አይደለም። የተነፈሳችሁት እርጥበትና ያበሰላችሁት ወጥ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ጣራ አስጠግናችሁም ካልቆመ ምክንያቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ኮርኒስና አየር ነው።

ወለሉ ሊሾ ከሆነ ፕላስቲክ ምንጣፍ ብቻውን ብርዱን አይመልስም። ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። የፍሪጅና የቴሌቪዥን ካርቶን ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች በትንሽ ብር፣ አንዳንዴም በነፃ ይገኛል። ከላይ አልጋው አጠገብ፣ ጠዋት እግራችሁ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ የሱፍ ስጋጃ ጣል አድርጉ። ሙሉ ክፍሉን ለማልበስ አቅም ባይኖራችሁም ያቺ አንዲት ቁራጭ ጠዋታችሁን ትለውጠዋለች። ክረምት ላይ ግን ካርቶኑን እያነሳችሁ እዩት፣ ከረጠበ ወዲያው ቀይሩት።

አልጋ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ከላይ መደረብ ላይ ነው። ከሥር የሚመጣው ብርድ አይቻልም። ፍራሹ ላይ መጀመሪያ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አንጥፉ፣ ከዚያ አንሶላ። ከላይ ጋቢውን ወደ ሰውነት አስጠግታችሁ ብርድ ልብሱን በላዩ ደርቡ። የበግ ፀጉር ባና ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አትፈልጉም፣ ይከብዳል እንጂ እንደሱ የሚያሞቅ የለም። ፍራሹን መሬት ላይ አታድርጉት። የአልጋ መግዣ እስኪሞላ በጣውላ ርብራብ ከፍ አድርጉት። መሬት ላይ የተነጠፈ ስፖንጅ ፍራሽ ሥሩ ይረጥብና ይሻግታል። ፀሐይ በወጣች ቅዳሜ አውጥታችሁ አስጡት።

ከመተኛት ግማሽ ሰዓት በፊት ሙቅ ውሃ የሚሞላበትን የጎማ ከረጢት በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር በኩል አስገቡ። ፋርማሲ ይሸጣል። የሚፍለቀለቅ ውሃ አትሙሉበት፣ ትንሽ በረድ ይበል። ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይልቅ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ሂሳብ ነው። የ1,500 ዋት ማሞቂያ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመብራት ታሪፋችን በእርከን ነው የሚሄደው። ርካሹ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ላጤ በአምፖል፣ በስልክና በትንሽ ምድጃ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መኖር ይችላል። ማሞቂያው ብቻውን ግን ከዚያ ያስወጣዋል። ቆጣሪውን ከግቢው ሰው ሁሉ ጋር ከተጋራችሁ ደግሞ የሁላችሁም ፍጆታ ስለሚደመር ወደ ውዱ እርከን ትገባላችሁ። የየራሳችሁ ቆጣሪ ቢኖር ቢያንስ የበላችሁትን ያህል ትከፍላላችሁ፣ ጭቅጭቅም ይቀራል።

ሻጋታን በተመለከተ አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ። አየር ይዙርበት። ጠዋት ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ፊታችሁን እስክትታጠቡና እስክትለብሱ ድረስ መስኮትና በር ከፍታችሁ አናፍሱ፣ ቢበርድም። የወጣ ሻጋታ ካለ በውሃ የቀጠነ በረኪና በጨርቅ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት አድርጋችሁ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ልብስ የሚያስቸግረው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ጭጋጉ ሳይገፈፍ ይውላል፣ ሥራ ላይ ሳላችሁ ዝናቡ ይመጣል፣ የሚሰበስብላችሁ የለም። ገመዱን ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ በረንዳው ላይ ወጥሩ። በአንድ ቀን ክምር ከማጠብ በሁለት ቀን አንዴ ሁለት ሦስት ልብስ ማጠብ ይሻላል። የረጠበ ልብስ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ማስጣት ግን ያንኑ እርጥበት ወደ ግድግዳ ማስገባት ነው።

ከሰል

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ብርድ ሲጠና ሰው የከሰል ማንደጃ አስገብቶ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይተኛል። በዚህ ሰው ይሞታል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ከሰሉ ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ብቻ ሲሆንም መውጣቱን አያቆምም፣ ሰው የሚዘናጋውም ያኔ ነው። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ ጋዙን አያጠፋውም።

ሁለት ሆናችሁ ስትኖሩ አንዱ ሲደነዝዝ ሌላው ሊነቃና በር ሊከፍት ይችላል። ብቻችሁን ስትሆኑ የሚነቃ ሰው የለም። ስለዚህ ለላጤ ሕጉ አንድ ነው፦ ከሰል ቤት ውስጥ ካለ በር ወይም መስኮት ክፍት ነው፣ መኝታ ሲደርስ ማንደጃው ውጭ ያድራል። ቡና አፍልታችሁ ትንሽ ፍም ቢቀርም፣ ዕጣን ቢሆንም፣ አውጡት። ከሰል ባለበት ክፍል ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ወይም ካዞራችሁ «ትንሽ ጋደም ልበል» አትበሉ፣ ወደ ውጭ ውጡና ሰው ጥሩ።

በር ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ቁራጭ መድፈን ለብርዱ ጥሩ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ክፍተት የምትደፍኑበት ቤትና ከሰል የምታነዱበት ቤት አንድ አይሁን።

ኮምቦልቻ ላይ ከሆናችሁ

ኮርኒሱ እዚህም ያስፈልጋል፣ ሥራው ግን ይገለበጣል፣ የቆርቆሮውን ትኩሳት እንዲመልስላችሁ ነው። ክፍል ስትመርጡ ትይዩ የሆነ በርና መስኮት፣ ወይም ሁለት መስኮት ያለውን ፈልጉ። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል አየር አያዘዋውርም፣ ቬንትሌተር ብትገዙም ያንኑ የሞቀ አየር መልሶ ያዞርባችኋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ ለወባ የተጋለጠ ነው፣ ኮምቦልቻም እዚያ ውስጥ ትገባለች። ከደሴ የመጣ ሰው ይህን ይረሳዋል። አጎበሩን ስትሰቅሉ ጫፉ ተንጠልጥሎ አይቅር፣ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ሸጉጡት። ዝናብ ባቋረጠባቸው በመስከረምና በጥቅምት የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመራችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ብቻውን የሚኖር ሰው «ነገ አያለሁ» ብሎ ሲተኛ ነገ መነሳት ሊያቅተው ይችላል።

ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ቀን ነው የምትተኙት። ጠቆር ያለ ወፍራም መጋረጃ ግዙ፣ ከመስኮቱ ሰፋ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ብርሃኑ የሚገባው በጎንና በጎኑ ነውና። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ በሚሄደው መንገድ ዳር ያለ ቤት ሌሊቱን የመኪና ድምፅ፣ ቀኑን አቧራ አለው። መቶ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት ብዙ ይለውጣል። የሌሊት ፈረቃ ስትሆኑ ለግቢው ሰው ንገሩ። ካወቁ ሕፃናቱንም ዝም ያሰኙላችኋል፣ ወሎ ላይ እንደዚህ ነን።

ውሃና መብራት

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ችግሩ የሚመጣበት ሰዓት ነው። እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፣ ወይም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። አቅም ካላችሁ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ያለው ትንሽ ሮቶ አስገጥሙ። ካልሆነ 200 ሊትር በርሜል ክዳን ያለው ግዙ። በቀን 40 ሊትር ብትጠቀሙ አምስት ቀን ይወስዳችኋል። ውሃው በመጣ ጊዜ ቤት የሚውል ሰው ጎማውን እንዲያስገባላችሁ ተነጋገሩ፣ ቡና ላይ የሚፈታ ጉዳይ ነው። የሚጠጣውን ለብቻው በጠባብ አፍ ጀሪካን አድርጉት፣ ኩባያ አታስገቡበት። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር አንዲት ነርስ ጓደኛ አለችኝ። ከበሯ ጀርባ ሦስት ሚስማር መትታለች። አንዱ ላይ ቁልፍ፣ አንዱ ላይ ዣንጥላ፣ አንዱ ላይ የእጅ ባትሪ ይንጠለጠላል። ከነዚህ ሚስማሮች ላይ ሌላ ነገር አይሰቀልም። አንድ ማታ እዚያው ተቀምጠን መብራት ሲጠፋ ወሬዋን ሳታቋርጥ ተነስታ ባትሪውን አነሳች፣ መስኮቱ ሥር ካለው ሳጥን ቻርጅ የሚደረገውን አምፖል አወጣች፣ ጀበናው ሳይበርድ ተመልሰን ቡናችን ላይ ነበርን። እንደዚህ አድርጉ። መብራት ሲጠፋ የምትፈልጉት ነገር ሁሉ በጨለማ እጃችሁ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ሻማ ካበራችሁ ሳህን ላይ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ርቆ ይሁን፣ ሲያንቀላፋችሁ አጥፉት። አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ምድጃና ማሞቂያ አብራችሁ አትሰኩ። ገመዱ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ጭነቱ በዝቶበታል፣ ሊቃጠል ይችላል።

ለአንድ ሰው ማብሰል

ላጤ ቤትን ቤት የሚያደርገው ወጥ ወጥ ሲሸት ነው። ችግሩ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ሽንኩርት መላጥ ነው፣ እዚያ ላይ ነው ሁላችንም ወደ ሆቴል የምንሄደው። ስለዚህ አስቸጋሪውን ክፍል አስቀድማችሁ ጨርሱት። እሁድ ዕለት ሽንኩርቱን በብዛት ከትፋችሁ ረጋ ብላችሁ አቁላሉ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ። ግማሹን ከበርበሬ ጋር፣ ግማሹን አልጫ አድርጋችሁ በንጹሕ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ አስቀምጡ። ደረቅና ንጹሕ ማንኪያ ብቻ ይግባበት። ፍሪጅ ከሌላችሁ ደሴ ብርድ ላይ ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆነውን ብቻ ሥሩ፣ ኮምቦልቻ ግን ያለ ፍሪጅ አታቆዩት። ከዚያ ማክሰኞ ማታ ሁለት ማንኪያ ቁሌት፣ ውሃ፣ ሽሮ፣ በቃ፣ በሩብ ሰዓት ራት አላችሁ። ረቡዕ በዚያው ቁሌት ምስር።

እንጀራ ለራስ መጋገር ለአንድ ሰው አያዋጣም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈጃል፣ ሊጡም ሥራ ነው። ሰፈር ውስጥ ከሚጋግሩ እናቶች ደንበኛ ያዙና አምስት አምስት ውሰዱ። ኮምቦልቻ ላይ ሻጋታው ስለሚፈጥን ሦስት ሦስት ይሁን። የተረፈውን ከመሻገቱ በፊት ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ድርቆሹን በጨርቅ ከረጢት አንጠልጥሉ። ምንም ባልተሠራበት ማታ ያ ድርቆሽ ከቁሌቱ ጋር ፍርፍር ይሆናል።

ደሴ ላይ ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብሎ የሚያስለቅሳችሁ ምድጃው ስለደከመ ላይሆን ይችላል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጥራጥሬ ጊዜ ይወስዳል። ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ፣ ውሃውን ቀይራችሁ ቀቅሉ። ትንሽ ፕሬዠር (እንፋሎት አምቆ የሚያበስል ድስት) ብትገዙ ደግሞ የመብራቱንም የጊዜውንም ዋጋ ይመልሳል። ለላጤ ኩሽና አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብትሉኝ እሱን ነው የምላችሁ።

ዕቃ አታብዙ። አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ መጥበሻ፣ ጥሩ ቢላ፣ ፔርሙስ። ገበያ ስትወጡም ሽንኩርት በኪሎ፣ ቲማቲም በግማሽ ኪሎ በቂ ነው። የሲኒ ነገር ግን ይለያል። ብቻዬን ነኝ ብላችሁ ሁለት ሲኒ አትግዙ። ስድስት ይሁን። ጀበናው ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ሲኒ ግን ሲጎድል እንግዳ ያፍራል።

አበላሉም ይታሰብበት። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ብቻችንን ስንሆን ድስቱ ላይ ቆመን ጎርሰን እንጨርሳለን። እንዲህ አታድርጉ። ትንሽ ጠረጴዛና በርጩማ፣ ካልሆነ ዱካና ሰፌድ መስኮቱ አጠገብ አድርጉ። ሳህን ላይ አውጡ፣ ተቀመጡ። በሳምንት አንዴ ደግሞ አንድ ሰው ጥሩ። ሽሮም ቢሆን።

መቀመጫና ማታው

አንድ ክፍል ውስጥ አልጋው ሶፋም ጠረጴዛም ከሆነ እንቅልፉም እረፍቱም ይበላሻል። ከአልጋው ውጪ አንድ የመቀመጫ ቦታ ይኑራችሁ። እዚህ አካባቢ ጥሩ መፍትሔ አለን፣ አረቢያን መጅሊስ። አንድ ግድግዳ ብቻ የሚይዝ ትንሽ መጅሊስ ቀን መቀመጫ፣ ማታ ለእንግዳ መኝታ ይሆናል። ስፖንጁን ጠንከር ያለውን ምረጡ፣ ለስላሳው ቶሎ ይሰምጣል። ከሥሩ ሰሌን አድርጉ።

መሐል ጣራ ላይ የተንጠለጠለው ነጭ አምፖል ክፍሉን የቢሮ ያስመስለዋል። ራስጌ ጋ ቢጫ ብርሃን ያለው ትንሽ መብራት ጨምሩ፣ ከአልጋ ሳትነሱ የሚጠፋ ይሁን። ማታ ማታ ቤቱ ጭር ሲል ራዲዮ ጥሩ ጓደኛ ነው፣ ከስልክ ይሻላል፣ ዓይናችሁን አይዝም። ዕጣን ማጤስ የምትወዱ ቀደም ብላችሁ፣ በር ተከፍቶ አጢሱ።

ቁልፍ፣ ጎረቤትና የሕመም ቀን

በገባችሁ ቀን የበሩን ቁልፍ ቀይሩ። ከእናንተ በፊት የነበሩ ተከራዮች ስንት ቅጂ እንዳሠሩ አታውቁም። ከውስጥ መቀርቀሪያ ይኑረው። በተለይ ሴቶች፣ ብቻችሁን እንደምትኖሩ ለማታውቁት ሰው፣ ዕቃ ለሚያደርስም ለባጃጅ ሹፌርም፣ መንገር የለባችሁም። «ወንድሜ ቤት ነው» ማለት ነውር አይደለም።

ትርፍ ቁልፉን ግን የምታምኑት አንድ ሰው ጋ አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ የምትውል አንዲት እናት አትጠፋም። የገባችሁ ሰሞን ሰው «ቤት ለእምቦሳ» ብሎ ሲመጣ ቡና አፍሉና እሷን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ቆሎም ይሁን ዳቦ የቡና ቁርስ አይጥፋ። አቦሉን ጠጥቶ የሚሄድ ይሂድ፣ እስከ በረካ የሚቆይ ሰው ነው ጎረቤት የሚሆነው። ቁልፉን ስትሰጧት በግልጽ ንገሯት፦ «እማማ፣ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሬ ካልተከፈተና ስልክ ካላነሳሁ፣ ከፍተው ይዩኝ።» ይህን መናገር ይከብዳል፣ ሟርት ይመስላል። ተናገሩት። ላጤ ነኝ ብላችሁ ቅሬ (ዕድር) ከመግባትም አትቅሩ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቃችሁ እዚያ ነው።

ለሕመም ቀን የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን አዘጋጁ። ፓራሲታሞል፣ የሙቀት መለኪያ፣ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ (አንዱ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል)፣ ፋሻ፣ የታሸገ ውሃ፣ በሶ፣ የአጥሚት ዱቄት፣ ስኳር። ሳጥኑ አልጋ ሥር፣ እጅ የሚደርስበት ይሁን። የሦስት ሰው ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ቁጥር ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። አለርጂ ወይም የምትወስዱት የዘወትር መድኃኒት ካለ እዚያው ላይ ይጻፍ።

ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ይህን አትርሱ። ብሬከሩን አውርዱ፣ የውሃውን መዝጊያ ዝጉ፣ የሚበላሸውን ምግብ ለጎረቤት ስጡ፣ ፍራሹን ከግድግዳው አርቃችሁ አቁሙት። የምትመለሱበትን ቀን ለእማማ ንገሯት፣ በዋዜማው መስኮቱን ከፍታ ታናፍስላችኋለች።